ጭምብሉ ከሚስማሩ ሲወርድ

ሶላንዥን ለማወቅ እጇን ማየት ይበቃል። ሃያ ዓመት በወይን ማሳው አብሬያት ስሠራ ጥፍሯን ንጹሕ ሆኖ ያየሁት በእናቷ ቀብር ቀን ብቻ ነው። ኬሚካል አልረጭም ብላ ማሳውን በፈረስ ማረስ ስትጀምር መንደሩ መሳቂያ አደረጋት።

«ሶላንዥ፣ ጎመኑ ደረሰ ወይ?» ይሏታል አረሙን እያዩ።

«ደርሷል፤ ቅጠሉን ለእናንተ፣ ወይኑን ለኔ።»

አባቷ አናቶል ግን አልሳቀም። ማሳው የሱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ፍሬውን ለአንድ ትልቅ ነጋዴ ሲሸጥ ኖሯል። እሷ ደግሞ የራሷን ሻምፓኝ ጠመቀች፣ ያውም የገበያ እርሾ ሳትነካ፤ ሻምፓኝ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ ዳግም ካልፈላ አረፋ የለውም። «ነጋዴው ከሁለት ወር በኋላ፣ ሰኞ ቀን፣ የፍሬ መግዣ ውል ይዞ ይመጣል» አላት። «እስከዚያ ወይንሽ ጠርሙስ ውስጥ ካልፈላ እፈርማለሁ።» ተስማማች፤ ምን ታድርግ?

ምድር ቤቱ በር ላይ የአናቶል አባት የሽቦ ጭምብል በሚስማር ተሰቅሏል። ወይን ሲፈላ አንዳንዱ ጠርሙስ ስለሚፈነዳ የድሮ ሰዎች ያለ እሱ አይወርዱም ነበር። ሶላንዥ በየጠዋቱ አጥልቃው ትወርዳለች። አናቶል ግን ሆን ብሎ ባዶ ፊቱን ነው የሚወርደው።

«የሞተ ወይን ማንን ይመታል?» ይላል፣ እየሰማችው። ከስድብ ሁሉ የከፋው ይሄ ነበር፤ እኔ ራሴ ደሜ ይፈላ ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ ጠርሙሶቹ ዝም አሉ። ነጋዴው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስታችንም ወረድን። ሶላንዥ አንዱን ጠርሙስ ወደ አምፖሉ አነሳች።

«አባባ፣ ደለል ይዟል፤ መፍላት ጀምሯል ማለት ነው። እየው እስቲ።»

«አቧራ ነው» ብሎ ሊወጣ ዞረ።

ያኔ አጠገቡ ካለው ክምር አንዱ ጧ አለ። ስብርባሪው ግድግዳውን መታው፤ አረፋው የአናቶልን ፊትና ጢም አጠበው። ጆሮው ጫፍ ላይ ትንሽ ደማ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ሶላንዥ ግን ጭምብሏን እንዳጠለቀች ትዘላለች። ወይኑ ፈሰሰ ብሎ እንዲህ የሚደሰት ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔም ሳላስበው አብሬያት መዝለል ጀመርኩ።

«ፈላ፣ አባባ! ፈላልኝ!»

አናቶል ጢሙን ላሰ። ቆየት ብሎ ደገመው።

«ዝም በይ አንቺ ልጅ፣ እየቀመስኩ ነው።»

ሰኞ ነጋዴው ውሉን ይዞ መጣ። ምድር ቤቱ በር ላይ ቆሞ የጠበቀው አናቶል ነበር፣ ጭምብሉን አጥልቆ።

«ወረቀትህን ይዘህ ተመለስ» አለው ከሽቦው ውስጥ። «ታች የልጄ ወይን አለ፤ ፊትህን እንዳይመታህ።»