አሥራ አንዱ ደረጃዎች

ሽማግሌው ከላይ ክራባት፣ ከታች ሸራ ጫማ አድርገው ጠዋት ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው ይመጣሉ። የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን የሚረከቡት በሦስት ወር አንዴ ነው፤ በየቀኑ የሚያመጣቸው ደረጃው ነው።

«ዶክተሯ ‹እግር ከሰነፈ ጭንቅላትም ይሰንፋል› ብላኛለች» አሉት ዘበኛውን ገና በመጀመሪያው ቀን። «በዚህ በሽታ ላይ እርጅና ሲጨመርበት፣ መርሳት በር ሳያንኳኳ ነው የሚገባው።»

ደረጃዎቹ አሥራ አንድ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ፣ ድሮ በአንድ ቀን አብሯቸው መድኃኒት የጀመረ አንድ ሰው ይጠራሉ፤ ልብስ ሰፊዋ፣ ሾፌሩ፣ ሳቂታዋ... ዛሬ ከእሳቸው በቀር በሕይወት ያለ የለም። አንዱን ሰው ረስተው ከዘለሉ፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ወርደው እንደገና ከታች ይጀምራሉ። ዘበኛው ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሰማቸው ኖሯል።

ዛሬ ዘጠነኛው ላይ ቆሙ። ክራባታቸውን ነካኩ፣ ወደ ጣራው አዩ፣ አሁንም ቆሙ። ዘበኛው ወደ ደረጃው ጠጋ አለ።

«ባለ ባርኔጣው ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው ዞር ብለው ፈገግ አሉ።

«እሱንማ መች አጣሁት! አንተ በቃልህ መያዝህን ልይ ብዬ ነው እንጂ።»

ከዚያ መደገፊያውን ይዘው፣ ቀስ እያሉ፣ ዘጠኙንም ደረጃ ወረዱና ከታች ጀመሩ።