የክርስትና ስሜን የጠየቀኝ ሰው

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው የካቲት ነው። የእህቴ ባል ሀብታሙ ደረቱን ነፍቶ ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ እሱ ደግሞ የማያልፍበት ቀን የለም።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ጣና አጠገብ ነው። ጠዋት ጠዋት ከውኃው ዳር ቆሜ ነፋሱንና ማዕበሉን በስልኬ እቀርጻለሁ። "ዛሬ ጣና ተኝቷል" ወይም "ዛሬ ጣና አማቱ መጥታበታለች፣ አትጠጉት" እያልሁ ለጀልባ ተሳፋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ እልካለሁ። ደልጊ የሚሄደውም፣ ደሴት የሚሻገረውም ያየዋል። ማንም አልቀጠረኝም፤ ማንም አመሰግናለሁ ብሎኝ አያውቅም። ሰው ሲያስነጥስ እንኳ አውራ ጣት በሚዘንብለት ዘመን ለእኔ አንዲት አውራ ጣት ጠፋች።

አንድ ቀን ከማላውቀው ሰው መልእክት ገባ። "ወንድማችን፣ የክርስትና ስምዎን ይላኩልን።"

ፀጉሬ ቆመ፤ የቀረኝን ማለቴ ነው። ፎቶው ላይ ፊት የለም፤ የተዘጋ ጥቁር ጃንጥላ ብቻ። እናቴ ከጡቷ ጋር ያጠባችኝ ምክር "የክርስትና ስምህን ለማንም እንዳትናገር፤ ድግምት የሚሠራው በሱ ነው" የሚል ነው። መልእክቱን አጠፋሁት። በማግሥቱ ሌላ መጣ። "ሁሉም ተዘጋጅቷል። የቀረው የእርስዎ ስም ብቻ ነው።"

ያን ጊዜ ጠላቴን ለየሁት። በዚያው ሰሞን "ነፋስ ይነሣል፣ አትሳፈሩ" ብዬ አንድ የጀልባ ካፒቴን ያለ ተሳፋሪ አስቀርቼ ነበር። "አንተ ሰውዬ፣ ይህ ምላስህ አንድ ቀን ሲታሰር አያለሁ!" ብሎኛል፣ ያውም በሰው ፊት። እኔም በየጠዋቱ ምላሴን በመስታወት እያየሁ ነበር የምወጣው።

መልእክቱ ሲደጋገም ብልሃት መጣልኝ። "ነፋስ ዘጋቢው" እያለ የሚያሾፍብኝ ሀብታሙ አለ አይደል? ድግምት ከሆነ እሱን ይጥረገው ብዬ የሱን የክርስትና ስም፣ "ወልደ ሚካኤል"ን ላክሁ።

ከዚያ በኋላ ሀብታሙ መቼ እንደሚወድቅ መጠበቅ ሆነ ሥራዬ። ሰውየው ግን ይባስ ብሎ አበበ! ለዓመታት የጎበጠው ወገቡ ተቃና። እምቢ ብሎ የኖረው የጓሮው ማንጎ ቅርንጫፉ እስኪገነጠል አፈራ። ካፒቴኑ ድግምት ያሠራበት ደብተራ ሥራውን አያውቅም እንዴ አልሁ።

ፋሲካ እንዳለፈ፣ አንድ ጠዋት እየቀረጽሁ ሳለ፣ ከደሴት ከመጣች ጀልባ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ወረዱ። በእጃቸው ጥቁር ጃንጥላ። ቀጥ ብለው ወደ እኔ! ልሮጥ ዞር ከማለቴ ደረሱብኝ።

"ወልደ ሚካኤል፣ ልጄ! በድምፅህ አወቅሁህ" አሉ።

መልእክቱን ያስጻፉት እሳቸው ኖረዋል። ካፒቴኑ የረገመኝ ቀን ሊሳፈሩ የነበሩት የሳቸው የቅኔ ተማሪዎች ናቸው። ቃሌን ሰምተው ቀሩ፤ ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ጣናን እንደ ድስት አፈላው።

"ልጆቼን አተረፍህልኝ። ሌላ ምን የምንሰጥህ አለን? ማኅበሩ ተስማምቶ በየቅዳሴው ስምህን እናነሣለን።"

አንገቴን ደፋሁ። "አባ፣ ስሙ የእኔ አይደለም። የእህቴ ባል ስም ነው።"

"እሱም ነፋስ ይናገራል?"

"እሱ? ጣና ቢደርቅም ከእንቅልፉ አይነሣ!"

ጃንጥላቸውን ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ። "እንግዲህ ጸሎት የገባ ሰው አይባረርም። ያንተን ከሱ አስከትለን እናነሣለን።" ግራ ቀኝ አየሁና ስሜን በጆሯቸው ሹክ አልኋቸው።

ይኸው ዛሬም ምርቃቱ መጀመሪያ ሀብታሙ ዘንድ ይደርስና የተረፈው ወደ እኔ ይመጣል። ቢሆንም ጠዋት ስልኬን ሳነሣ፣ ከማዶ ስሜን የሚጠራልኝ እንዳለ ሳስብ ሆዴ ይባባል። አውራ ጣቱ ይቅርብኝ።

ስሜን እዚህ ያልጻፍሁት አንባቢን ባለማመን አይደለም። ካፒቴኑም ማንበብ ይችላል።