የዋጥኩት ደም

የስፒርት ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው እስከ ዛሬ ምራቄን መዋጥ ያቅተኛል፤ ወዲያው ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እመለሳለሁ፣ ከሚሴ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ያለው ቤታችን ውስጥ፣ አንገቴን በእናቴ ሻሽ ተጠቅልዬ ተኝቼ።

ክረምት በመጣ ቁጥር ጉሮሮዬ ይዘጋ ነበር። የሰፈሩ ልጆች እሸት በቆሎ እየጋጡ ሲሯሯጡ፣ እኔ ቶንሲሌ አብጦ፣ ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠኝ እተኛ ነበር። አባቴ ባቲ ገበያ እየተመላለሰ ከብት ይነግድ ስለነበር መርፌ ለማስወጋት ይዛኝ የምትሮጠው እናቴ ነበረች። ሐኪሙም ቶንሲሉ ደሴ ሄዶ በኦፕራሲዮን እንዲወጣ ነግሯት ነበር። አዳዳ የምንላት የአባቴ እህት ግን ጨፋ ሮቢት ያለ እንጥል ቆራጭ ጋ እንዲወስዱኝ ትወተውት ነበር። «እኛ ሁላችን ተቆርጠን አይደል ያደግን? ምን ሆንን?» ትላለች። እናቴ አንገቷን ደፍታ ሰምታት «አባቷ ይምጣ» ብላ ታልፈው ነበር። እኔ ደግሞ ከበሩ ኋላ ቆሜ የቆራጩም የሐኪሙም ስለት አንድ ላይ ይታየኝ ነበር።

ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲያባራ አባቴ መጣና ከእናቴ ጋር ደሴ ወስዶ አስቀደደኝ። ከኦፕራሲዮኑ የማስታውሰው ከላዬ የነበረውን ነጭ መብራትና «ቢስሚላህ» ማለቴን ብቻ ነው፤ ስነቃ ጉሮሮዬ ውስጥ ፍም ያስቀመጡብኝ መሰለኝ። ስንወጣ ነርሷ እናቴን ወደ ጎን ወስዳ «ለሁለት ሳምንት ጠንካራና ትኩስ ነገር እንዳይሰጧት። ደም ካዩ ወዲያው ሆስፒታል ይውሰዷት። ዝም ብላ ቶሎ ቶሎ የምትውጥ ከሆነም ልብ ይበሉ፣ ልጆች ደሙን ይውጡታል» አለቻት። በሚኒባሱ እስከ ከሚሴ ድረስ የእናቴ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዱዓ የምታደርግ መስሎኝ ጠጋ ስል የነርሷን ቃል እንዳትረሳው ትደጋግመው ነበር።

አባቴ ወደ ንግዱ ተመለሰ፤ ስድስት ቀን በቀዘቀዘ አጥሚትና በወተት አለፈ። በሰባተኛው ቀን እናቴ ልብስ ልታሰጣ ጓሮ ስትወጣ፣ አዳዳ ሰፌድ ላይ ትታው የሄደችውን የሽምብራ ቆሎ አየሁና አንድ እፍኝ ዘገንኩ። ገና ሁለት ሦስት ፍሬ እንደቆረጠምኩ አንድ ነገር ጉሮሮዬን ጫረኝ፣ ወዲያውም ሞቅ ያለ፣ ብረት ብረት የሚል ነገር አፌን ሞላው። ደም መሆኑን አውቄያለሁ። ግን ብናገር ቆሎው ይታወቃል፤ ከታወቀ እንደገና ደሴ፣ እንደገና ያ መብራት። ስለዚህ ዋጥኩት። ሌላ መጣ፣ እሱንም ዋጥኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

እናቴ ስትገባ ባልዲውን አስቀምጣ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ዓይኗ ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ምንድን ነው የምትውጪው?»

ምንም እንዳልሆነ ራሴን ነቀነቅኩ።

«አፍሽን ክፈቺ!»

ከዚያ በፊት ጮሃብኝ አታውቅም። ስከፍት ደሙ በአገጬ ወረደ፣ እሷም «ያ ረቢ!» ብላ አፈፍ አድርጋኝ ወደ መንገድ ወጥታ ባጃጅ አስቆመች።

ጩኸቷን ሰምታ አዳዳ ከቤቷ እየሮጠች መጣችና ባጃጁ ውስጥ አብራን ገባች። እናቴን «አላልኩሽም ነበር?» ትላታለች ብዬ ከደሙ ይልቅ እሱን ፈራሁ። እሷ ግን ጭኗ ላይ ወደ ፊት አጎንብሳ አስቀምጣኝ፣ ደሜን በመዳፏ እየተቀበለች «ትፊው ልጄ፣ አትዋጪው፣ አብሽሪ» ትለኝ ነበር። እናቴ ሹፌሩን «በአላህ ፍጠን» እያለች ትለምነው ነበር።

እዚያው ከሚሴ ያለው ሆስፒታል ደርሰን ሐኪሙ ብዙ ታግሎ ደሙን አቆመው። እጁን እየታጠበ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ» አለና ሳይጨርሰው ተወው። በማግስቱ የቆሎውን ነገር ስናገር አዳዳ «እኔው ነኝ እዚያ የተውኩት» ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲህ የቆራጩን ነገር አንስታ አታውቅም።

አሁን እኔም የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ። እሾህ ሲወጋት ቤቱን በጩኸት ታናውጠዋለች፤ ሐኪም ዘንድ ስንሄድም የምትጠየቀው እኔ ሳልሆን እሷ ናት፣ አንድም ሳታስቀር ትናገራለች። በእኛ ጊዜ ሕመምን ይዞ ዝም ማለት ጨዋነት ነበር፤ ማንም ቁጭ አድርጎ ባያስተምረንም ሁላችንም እናውቀው ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ እንደዚያው ናት፣ ወገቧ እያሠቃያት «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትለኛለች። ስለዚህ ከሚሴ በሄድኩ ቁጥር፣ በሩን ልትከፍትልኝ ስትመጣ ከምትለኝ ይልቅ አረማመዷን አያለሁ።