አረንጓዴውና ቀዩ ኩላንት

ባለቤቴን የሥራ ባልደረቦቹ «ማርሚታ» ይሉታል። ማርሚታ የሞተርን ጩኸት ውጣ የምታስቀር ቧንቧ ናት፤ እሱም የሰው ጩኸት ሲመጣበት እንደዚያው ውጦ ያስቀራል። እነሱ ለቀልድ ነው የሚሉት። እኔን ግን አብሬው በኖርኩበት ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አላሳቀኝም።

የጤና ጣቢያው መካኒክ ነው። ሞተር ሳይክል ሲሠራ ብታዩት ሐኪም ነው ትላላችሁ። ኩላንት፣ ማለትም ሞተር የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ፣ ሊቀይር ሲነሣ መጀመሪያ መዳፉን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፤ ትኩስ ከሆነ ክዳኑን አይነካም፣ በርጩማውን ስቦ ይጠብቃል። ሲበርድ ከሥር ያለውን ቡሎን ፈትቶ አሮጌውን ፈሳሽ ያወጣል፣ ውስጡን በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ያጥባል፣ አዲሱን በቀስታ ይሞላል። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ፣ የታመቀው አየር አረፋ እየሆነ እስኪወጣ ድረስ ዓይኑን ከራዲያተሩ አይነቅልም። «አየር ውስጡ ከቀረ ያተኩሰዋል» ይላል፤ ስለ ልጅ የሚያወራ ነው የሚመስለው። የገዛ ልጆቹን ሲያተኩሳቸው ግን ሐኪም ቤት የምሮጠው እኔ ነኝ።

እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ዓይኑ እያየ ሞተር ያስገደለው።

የንብረት ኃላፊው መጋዘን ውስጥ ሁለት ጎዶሎ ጄሪካን ነበር፤ በአንዱ አረንጓዴ፣ በሌላው ቀይ ኩላንት። አዲስ ለማስገዛት ደብዳቤ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ ሰውየውን ያደክመዋል። አንድ ቀን ባለቤቴ የአዋላጇን ሞተር አጥቦ፣ ባዶውን አቁሞ ምሳ ሊበላ ወጣ። ሲመለስ ኃላፊው እጅጌውን ሰብስቦ ሁለቱንም አንድ ላይ ሲያንቆረቁር ደረሰ። ሠራተኛው ዙሪያውን ቆሞ ያያል።

«አየህ ጋሼ» አለው ኃላፊው፣ «ፈሳሽ ያው ፈሳሽ ነው። አንተ ስታካብደው ነው እንጂ!»

ሁለቱ ኩላንቶች አይስማሙም። ሲቀላቀሉ ይረጋሉ፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያ ይደፍናሉ። ባለቤቴ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ግን አለቃን በሰው ፊት ማረም ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ነው፤ ይሉኝታ ያዘው። «ዞር ሲልልኝ አፍስሼ እቀይረዋለሁ» ብሎ አሰበ። አዋላጇ ደግሞ ዞር እስኪል አልጠበቀችም፤ የቀናት የገጠር ሥራ ጠርቷት ቁልፉን ተቀብላ ወጣች። ለእሷም ትንፍሽ አላለም። ለእሷ መንገር ኃላፊውን ማሳጣት ሆነበት!

በሦስተኛው ቀን፣ ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ ስትሄድ፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ጋለ፣ ተንተከተከ፣ ደርቆ ቆመ። አዋላጇ ቦርሳዋን ተሸክማ ሁለት ሰዓት ሙሉ በእግሯ ተጓዘች። ስትደርስ ሕፃኑ በጎረቤት እጅ ተወልዷል፤ እናቲቱ ደም እየፈሰሳት ነው። እግዜር አተረፋት እንጂ በእኛ ሰዎች ሥራማ አልቆላት ነበር።

ታዲያ ማን ተከሰሰ? አዋላጇ! «ያለ አግባብ እየጋለበች ሞተር አቃጠለች» ተብላ ከሥራ ልትባረር ኮሚቴ ተሰየመ። ከሳሹ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የንብረት ኃላፊው። ዓይን አውጣ!

ባለቤቴ ጉዱን ሁሉ የነገረኝ ያን ዕለት ነው። ራዲያተሩን ሲከፍተው ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ እንደወጣ ጭምር አጫወተኝ። ደሜ ፈላ።

«ነገ ኮሚቴው ፊት ትናገራለህ» አልኩት።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዝንብ ይግባ! ልጅቷ ባልሠራችው ልትባረር ነው እኮ! እስከ መቼ ነው የእነሱ ማርሚታ የምትሆነው?»

ሌላም ሌላም አልኩት። ጎረቤት ሰምቶኛል፤ ይስማ።

በማግስቱ ሄደ። የሆነውን ኋላ ያጫወተችኝ አዋላጇ ናት። ዝቃጩን በጠርሙስ ይዞ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። በዕድሜው ያን ያህል አውርቶ አያውቅም። ስለ አረንጓዴው፣ ስለ ቀዩ፣ ማን እንደቀላቀለው፣ ስንት ሰው ቆሞ እንዳየ፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። የኮሚቴው ጸሐፊ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። በመጨረሻ ባለቤቴ «እኔም እንደሚበላሽ አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩ። ይህም ይጻፍ» አለ። ይኼኔ ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሣ።

ከዚያ ሁሉ ንግግር የጻፉት ያቺኑ ብቻ ነው። አዋላጇን ለቀቋት፤ እሱን «እያወቀ ባለማሳወቁ» ብለው አሰናበቱት። የስንብት ደብዳቤውን ሦስቴ አነበብኩት። የንብረት ኃላፊ የሚባል ፍጡር በታሪኩ ውስጥ የለም፤ ኩላንቱ ራሱን በራሱ የቀላቀለ ነው የሚመስለው! ከታች የፈረመው ማን ይመስላችኋል? ራሱ ኃላፊው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

ባለቤቴ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብሎ አጠፈውና «ባልናገር ይሻል ነበር?» አለኝ።

«ቀድመህ ብትናገር ነበር የሚሻለው» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። እውነት ነውና አላባበልኩትም።