የአባቴ ወናፍና የአቦሓጎ ጉልበት

ባለፈው ሳምንት መቀሌ፣ ሓድነት በሚባለው ሰፈር በአንድ ብየዳ ቤት ደጃፍ ሳልፍ፣ ከውስጥ አንድ የማራገቢያ ሞተር ሲያጉረመርም ሰማሁና እግሬ ቆመ፤ ሠራተኛው ምን እንደምፈልግ ቢጠይቀኝ ሣቄ መጣ። የአባቴ ወናፍ ድምፅ ነበር፣ ቁርጥ እሱን።

አባቴ የደብረ ብርሃን ሰው፣ የፊዚክስ መምህር ነው፤ መቀሌ ተመድቦ መጥቶ እናቴን አግብቶ ቀረ። ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር የተከራየናት አሮጌ ቤት ሳሎኗ ግድግዳ ውስጥ የድንጋይ ምድጃ ነበራት፣ ግን እንጨት ይፈጅ ነበር እንጂ ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ሽቅብ እየሄደ የሚሞቁት ጣሪያው ላይ ያሉት እርግቦች ብቻ ነበሩ። አንድ ክረምት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ አባቴ በዝናብ ወደ ጋራዥ እየተመላለሰ ከወፍራም ላሜራ ሣጥን አስበይዶ ምድጃው ውስጥ ከተተው፤ ከሥሩም ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታ ማራገቢያ ገጠመበት። ማራገቢያው የክፍሉን ቀዝቃዛ አየር ከታች ስቦ፣ በጋለው ሣጥን ዙሪያ አዙሮ፣ ከላይ ባለው ክፍተት አሙቆ ይተፋው ነበር። እናቴ «ወናፍ» አለችውና ስሙ ሆኖ ቀረ። ጎረቤት እየመጣ እጁን ዘርግቶ ይሞቅ ነበር፣ አባቴም ማንም ሳይጠይቀው ስለ አየር ዝውውር ያስተምር ነበር፤ እሱ ደግሞ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም።

ጥቅምት ላይ የአቦሓጎ ጉልበት ታመመ። አቦሓጎ፣ በትግርኛ አያት ማለት ነው፣ የእናቴ አባት ናቸው፣ አጽቢ የሚኖሩ ንብ አናቢ ነበሩ። ልጃቸው ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ማግባቷ አልተዋጠላቸውም፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቤታችን አንድም ሌሊት አላደሩም፣ አባቴንም በክብር፣ ግን በሩቁ፣ «መምህር» ይሉት ነበር። ሐኪሙ መቀሌ ተቀምጠው በየቀኑ ካልታከሙ መራመድ ያቆማሉ ቢላቸው፣ በሲሚንቶ ቤት ብርድ ከምሞት አገሬ ላነክስ አሉ። እናቴ ስታለቅስ ያየ አባቴ እኛ ቤት ብርድ የሚባል ነገር እንደሌለ ምሎ ላከባቸው። አንድ ሌሊት አድሬ አያለሁ፣ ከበረደኝ ግን በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመለሳለሁ ብለው መለሱ።

ታኅሣሥ ገባ። እናቴ ኖራ ያልተቀባ ግድግዳ ለእንግዳ ከማሳየት ሞቷን ትመርጥ ነበርና፣ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ኖራዋን በጥብጣ ሳሎኑን መቀባት ጀመረች፣ ለእኔም ወፈር ያለውን በጣሳ ሰጥታ የአይጥ ቀዳዳ ባገኝ እንድደፍን አዘዘችኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በደረቴ እየተሳብኩ አንድም ሳላስቀር ደፈንኩ፤ ከምድጃው ጎን፣ ከረጅሙ ወንበር ጀርባ፣ አራት ክብ ክብ ቀዳዳዎች አግኝቼ የእኛ ቤት አይጦች ምን ያሉ ጎበዞች ናቸው እያልኩ እነሱንም ጠረቀምኳቸው። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

አቦሓጎ በሚመጡበት ቀን ጠዋት አባቴ እሳት አንድዶ ወናፉን ቢያስነሳው ሞተሩ ይጮኻል፣ ሙቀት ግን የለም። ሽቦውን ፈተሸ፣ ደኅና ነው። እሳቱን አጥፍቶ፣ ማራገቢያውን ፈትቶ ውጭ ቢያስነሳው ፀጉሩን ያቆመው ጀመር፤ መልሶ ሲገጥመው ጩኸት ብቻ። ዘይት ቀባው፣ ክንፎቹን በጥርስ ብሩሽ ፈተገ፤ ብሩሹ የእናቴ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ ገጠመ፣ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ከልቤ አዝንለት ነበር።

አቦሓጎ ከሰዓት ሲደርሱ አባቴ ጥላሸት በጥላሸት ሆኖ ነበር። እናቴ እግራቸውን በሞቀ ውሃ አጠበቻቸው፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው እየሳቡ ምድጃውን ያዩ ነበር። አባቴ ቅስሙ ተሰብሮ፣ «አባ፣ የማልኩት ሐሰት ሆነብኝ፤ እምቢ አለኝ» አለ።

አቦሓጎ አሮጌ ጨርቅ አስመጡ፣ ጫፉን ለኩሰው፣ ንብ ሲያጨሱ እንደሚያደርጉት እፍ እያሉ፣ ወናፉ እየጮኸ ጭሱን በግድግዳው ሥር አዞሩት። ጭሱ ወደ የትም ሳይሳብ ቀጥ ብሎ ወጣ።

«መምህር፣ ይህ ነገር በየት በኩል ነው የሚተነፍሰው? ቀፎም እኮ አፉ ከተደፈነ ይሞታል» አሉ።

አባቴ ከረጅሙ ወንበር ጀርባ ጎንበስ ብሎ ነጭ፣ ልስልስ ያለ ግድግዳ አየ፤ ከዚያ እናቴን አየ፣ እናቴም እኔን። ያኔ ነው አራቱ ክብ ቀዳዳዎች የወናፉ መተንፈሻ እንደነበሩ የገባኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ «የአይጥ መስሎኝ።»

ቁጣ ስጠብቅ አቦሓጎ ጉልበታቸውን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ እናቴ ተከተለች፣ አባቴም መፍቻውን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ኖራውን ፈንቅሎ ሲያወጣ ጭሱ በቀዳዳዎቹ ተጎትቶ ገባ፣ ትንሽ ቆይቶም ሞቅ ያለው አየር የአቦሓጎን ጋቢ ያወዛውዘው ጀመር።

በማግስቱ ግን በማለዳ ተነሥተው ወደ መናኸሪያ ውሰዱኝ አሉ። አባቴ ከረጢታቸውን ተሸክሞ ሄደ፣ እኔም ሌሊቱን በርዷቸው ይሆናል ብዬ በጥፋቴ እየተንሰቀሰቅሁ ተከተልኳቸው። አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ አቦሓጎ አልተሳፈሩም፤ የአገራቸውን ልጅ ሾፌሩን ጠርተው፣ አጽቢ ያሉት ቤተሰቦቻቸው እስከ ፋሲካ ቀፎዎቹን እንዲጠብቁላቸው መልእክት ሰጡት። ሾፌሩም የት ሊቀመጡ እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ወደይ ቤት ነኝ በላቸው» አሉ። «ወደይ» በትግርኛ ወንድ ልጄ ማለት ነው፤ አባቴን ማለታቸው ነበር። አባቴ ዐይኑን አሻሸ፣ አቧራ ገባብኝ አለ፤ በዚያ ጠዋት ግን ንፋስ የሚባል አልነበረም።

አቦሓጎ ታክመው ሚያዝያ ላይ፣ ለፋሲካ፣ በእግራቸው ሄደው ቤተ ክርስቲያን ሳሙ። ዛሬ እሳቸው የሉም፣ አሮጌዋም ቤት ፈርሳ ፎቅ ተሠርቶባታል። እኔም ሲበርደኝ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዬን አበራለሁ፣ ሲበላሽም ባለሙያ በስልክ እጠራለሁ፤ ይመቻል፣ አልዋሽም። ባለቤቴ የጅማ ልጅ ነው። ላስተዋውቀው ወላጆቼ ቤት ይዤው የሄድኩ ቀን፣ ምን ይሉኝ ይሆን እያለ መንገዱን ሙሉ ሲያልበው ነበር፤ አባቴ ግን በሩን ከፍቶ ገና ደጃፉ ላይ ሳለ ትከሻውን አቀፈውና «ወደይ፣ ግባ» አለው። አባቴ ያቺን ቃል ለመስማት አሥራ አንድ ዓመት ጠብቋል፤ ባለቤቴን አንድ ደቂቃ እንኳ አላስጠበቀውም።