አውራው በግ ይረፍ የተባለ ጊዜ

ከጅጅጋ ወጣ ብሎ ቱሊ ጉሌድ የሚኖር አንድ የሱማሌ ወዳጅ አለኝ። አማርኛ የለመደው ጅጅጋ፣ እኔ ጨርቅ የምሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነው። እኔም ከወሎ መጥቼ ሱማሊኛን የቃረምኩት ከእሱ ነው፤ የሁለታችንም ቋንቋ ጎደሎ ነው።

ያ ክፉ ድርቅ ካለፈ በኋላ የተረፉለት ጥቂት እናት በጎችና አንድ አውራ ነበሩ። አውራው ከአባቱ መንጋ የወረደ ዘር ነው፤ መንጋው ዳግም የሚቆም ከሆነ በእሱ ነበር። እሱም ታመመ። በትኩሳት ነደደ፣ ሳለ፣ እንደምንም ዳነ። ዳነ እንጂ ከዚያ ወዲህ አንዷም በግ አላረገዘችም።

«ወላል፣ ወንድሜ፣ አንተ ከተማ ሐኪም አለ። ጠይቅልኝ» አለኝ በስልክ።

የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኩ፤ ወጣት ነው፣ ትዕግሥት አለው። «አባባ፣ ሰውነቱ በሽታውን ሲዋጋ ትኩሳቱ ዘሩን ያበላሽበታል፤ ወንድ የሚያደርገው ሆርሞንም ይወርዳል። ጎበዙ ሁሉ ዘመቻ ሲወጣ ማሳው ጦሙን ያድር የለ? እንደዚያ ነው። ግን ይመለሳል። ሁለት ሦስት ወር ይረፍ።»

ደስ ብሎኝ ወዲያው ደወልኩ። ገበያው ይጮሃል፣ መስመሩ ይቆራረጣል።

«ሐኪሙ አውራው ይረፍ ብሏል!»

«እሺ፣ አላህ ያለው ነው» አለ። አነጋገሩ ከበደኝ፤ ግን መስመሩ ተቋረጠ፣ ደንበኛም ገባ።

በማግስቱ ሥጋ በፌስታል ይዞ መጣ።

«ድርሻህ ነው።»

«የምን?»

«የአውራው። ይረፍ አላልክም?»

«ኧረ ይረፍ ማለት ጉልበቱን ይሰብስብ ማለት ነው!»

«እዚህ ተቀምጬ ስንቴ ሰማሁ! ‹እገሌ አረፈ› ትላላችሁ፣ ሱቅ ዘግታችሁ ቀብር ትሄዳላችሁ። የሞተውን አረፈ እያላችሁ እኔ በምን ልወቅ?»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም።

«ሐኪሙ ጉልበቱ ይመለሳል ብሎ ነበር እንዴ?»

አላለም ብዬው ቢሆን ይቀለው ነበር ይሆን እላለሁ እስከ ዛሬ። «ብሎ ነበር» አልኩት።

ባቢሌ ገበያ አብረን ሄደን ሌላ አውራ መረጥን፤ ቀይ፣ ጠንካራ በግ። እናቶቹ አሁን ይወልዳሉ። የአባቱ ዘር ግን ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ ነበር፤ ምናልባት በእናቶቹ በኩል ይወጣ ይሆናል ብሎ ግልገል በተወለደ ቁጥር ያያል። ከዚያ ይደውልልኛል።

«ይሄም ቀይ ነው።»

«አይዞህ» እለዋለሁ። ሌላ ምን እላለሁ።