ድልድይ ስለካ ያመለጠኝ ቀብር

ይህ የደረሰብኝ ጅቡቲ ከተማ ነው፤ አዲሱ ባቡር ሥራ ከመጀመሩ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ። ታናሽ ወንድሜ አሰፋ ድሬዳዋ ላይ ያረፈበት ቀን ነበር። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ተብሏል። ጠዋት በጊዜ ብወጣ እደርስ ነበር። ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሞቱን ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀኑን ያልረሳሁት በዚያ ቀን በሠራሁት ሥራ ምክንያት ነው። ሳስታውሰው መሳቅ እፈልጋለሁ፣ ሳቁ ግን አይመጣም። ልቅሶውም እንደዚያው።

ያን ጊዜ ሰባ ዓመት ልደፍን ትንሽ ቀርቶኛል። ድሮ የምድር ባቡር ጸሐፊ ነበርኩ፤ ፈረንሳይኛዬ ከዚያ የተረፈች ናት። ሶማሊኛውን የተማርኩት ከሰፈር ልጆች ጋር ስሰዳደብ ነው። በዚህች እውቀት አንድ የውጭ ኩባንያ አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረኝ።

ኩባንያው ከድንበር ማዶ ባለ በረሃ ውስጥ ከአሸዋ ጋር የተጣበቀ ዘይት አለ ብሎ ያምናል። ዘይቱ እንደ ሬንጅ የወፈረ ስለሆነ ቢቆፈርም አይፈልቅም። ስለዚህ እቅዱ ሁለት ጉድጓዶችን አንዱን ከሌላው በላይ አጋድሞ መቆፈር፣ በላይኛው ትኩስ እንፋሎት መልቀቅ፣ ቀልጦ የወረደውን ዘይት ደግሞ በታችኛው ስቦ ማውጣት ነው። መጀመሪያ በአንድ ቦይለር፣ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት በሚያወጣ ግዙፍ የብረት ጋን፣ ይሞከራል፤ ከተሳካ ሌሎች ይከተላሉ። የሙከራው ቦይለር ከመርከብ ወርዶ ወደብ ላይ ተቀምጧል።

ይህንን ለበረሃው ሽማግሌዎች ያስረዳሁት እኔ ነኝ። የረጋ ቅቤ እሳት ዳር ሲቀመጥ እንደሚወርደው ነው አልኳቸው። አንዱ ሽማግሌ በትሩን ተደግፎ ካዳመጠኝ በኋላ፣ እንፋሎቱ ከምን እንደሚመጣ ጠየቀኝ። ከውሃ አልኩት።

«ለፍየል ያጣነውን ውሃ ለአሸዋ ልታጠጡት ነው?» አለ።

ፈረንሳዊው ኢንጂነር ሙሴ ሬሚ ሽማግሌው ምን እንዳለ ሲጠይቀኝ፣ የውሃውን ጉዳይ በጥሞና እያሰቡበት ነው ብዬ ተረጎምኩለት። ከዚያ በኋላ የኩባንያው ሾፌሮች «ጋሽ እንፋሎት» ብለው ሰየሙኝ፤ ይሞቃል እንጂ አይጨበጥም ማለታቸው ነው። አልተቀየምኩም። እውነት ነበር።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ጠዋት እንደ ልማዴ ካርቲየ 6 ሰፈር ወዳለው የብርቄ ምግብ ቤት ፉል ልበላ ሄድኩ። ብርቄ የአዲስ አበባ መንገድ ሾፌሮች ሁሉ የሚበሉባት ሴት ናት። ገና ሳልቀመጥ ስልኳ ሒሳብ እንዳለቀበት ነገረችኝና የኔን ተዋሰችኝ። ተቀብላኝ ወደ ጓዳ ገባች፤ አልመለሰችልኝም። ፉሉን በሁለት እንቁላል አድርጋ ሰጠችኝ፤ አልጠየቅኳትም። እኔም እንቁላሉን እንጂ ስልኩን አላሰብኩም።

ቀጥሎ ከፍያለው ገባ። ከፍያለው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የቦይለሩን ጉዞ እንዲያጠና ኩባንያው ቀጥሮታል። ድሬዳዋ የአሰፋ ጎረቤት ልጅ ስለሆነ ወሬው በሌሊት የደረሰው እሱ ዘንድ ነበር።

«ጋሽ ታዬ፣ እንደምን አደሩ?» አለኝ።

ድሬዳዋ ያደገ ሰው «አንቱ» አያውቅም። ከሽማግሌ እስከ ቄስ «አንተ» ነው። ከፍያለው ደግሞ በሌላው ቀን «አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬም አለህ?» ነበር ሰላምታው። ይህ ልጅ በስሜና በአክብሮት ሲጠራኝ ደንግጬ መነሳት ነበረብኝ። እኔ ግን ሹመት መጥቶልኛል ብዬ አሰብኩ።

በኋላ እንደተረዳሁት እሱና ብርቄ ሌሊቱን ተማክረው ነበር፤ ስልኬም የተወሰደው ማንም ደውሎ እንዳይነግረኝ ነው። መርዶ ለብቻው ላለ ሰው፣ በዚያ ላይ የደም ግፊት ላለበት ሽማግሌ፣ በሰው አገር አይነገርም። ቤቱ ገብቶ፣ ዘመድ ከቦት፣ ደግፎት ነው የሚነገረው። «ወንድምህን ትንሽ አሞታል» እንዳይሉኝ፣ ይህችን ውሸት እኔ ራሴ በብዙ ሰው ላይ ተጠቅሜባታለሁ፤ ከአፋቸው ሳትወጣ ነው የማውቃት። ስለዚህ ሌላ ውሸት አስፈለጋቸው። ሙሴ ሬሚን ቀስቅሰው በሥራ ስም ወደ ድሬዳዋ እንዲልከኝ ለመኑት። እሱ ለምን በቀጥታ እንደማይነገረኝ አልገባውም ነበር አሉ። ቢሆንም እሺ አለ።

ቢሮ ስደርስ ሙሴ ሬሚ ሁለት እጄን ያዘኝ። ከሰው ጋር ሲጨባበጥ እንኳን የሚቸኩል ሰው ነው። ዐይኔን ሳያይ፣ ቦይለሩ በደወሌ ድንበር በኩል ድሬዳዋ መግባት ይችል እንደሆነ መንገዱና ድልድዮቹ ዛሬውኑ መታየት አለባቸው፣ ከአንተ የተሻለ ሰው የለኝም አለኝ። የኩባንያውን ላንድክሩዘርም ሰጠን።

እኔ ስለ ድልድይ የማውቀው ከላዩ መሻገርን ነው። ግን አንድም ቀን «ከአንተ የተሻለ ሰው የለኝም» ተብዬ አላውቅም። ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። የራስ ቁርና ቢጫ ሰደርያ አምጡልኝ አልኩ። አመጡልኝ። ሜትር አምጡ አልኩ። እሱም መጣ። ቀጥሎ ቤት ሄጄ ክራባት አሰርኩ፤ በካምሲን ነፋስ፣ ሰው ቆዳውን አውልቆ ቢሄድ በሚመርጥበት ወቅት።

ክራባቴን አስሬ ስመለስ ከፍያለው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል። እኩለ ቀን ላይ ጫት ከገባ በኋላ መንገዱ በገዢ ስለሚዘጋ አሁኑኑ እንውጣ አለኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ወደብ ሄደን ቦይለሩን ካልለካሁ አልሄድም አልኩ።

«ልኩ እኮ ወረቀቱ ላይ አለ» አለኝ።

«ወረቀት ይሳሳታል» አልኩት።

ወደብ በር ላይ ፈቃድ ጠበቅን። ዘበኛው የማውቀው ሰው ስለነበር ስለ ወገቡ ሕመም ጠየቅኩት፤ እሱም አልሰሰተም። ቦይለሩን ዞሬ ለካሁት። ልኩ ወረቀቱ ላይ ያለው ራሱ ነበር። ከፍያለው ከመኪናው ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጆቹ ይዟል። ሌሊቱን ሲቅም ያደረ መስሎኝ ምክር ሰጠሁት።

የከተማዋን ዳር ሰፈር ባልባላን አልፈን፣ የከባድ መኪኖቹን ሰልፍ ተሻግረን ስንወጣ ረፋዱ ሄዷል። ከድንበሩ በኋላ መንገዱ ያን ጊዜ ኮረኮንች ነው። ደረቅ ወንዝ በደረስን ቁጥር «ቁም» እላለሁ። እወርዳለሁ። ሜትሩን በአንድ ጫፍ ከፍያለው፣ በሌላው እኔ እንይዛለን። ሲሚንቶውን በጫማዬ እመታለሁ፤ ለምን እንደምመታው አላውቅም፣ ሰዎች ሲያደርጉት አይቻለሁ። ስልኩ በጠራ ቁጥር ከፍያለው ራቅ ብሎ ያወራል፤ ሲመለስ ከንፈሩ ደርቋል።

አንዱ ድልድይ ላይ «ጋሼ፣ ይቺን እንኳን ይለፏት» አለኝ፤ ድምፁ የልመና ነበር።

«ቦይለሩ ሲገለበጥ እርስዎ ያነሱታል?» አልኩት፣ በ«እርስዎ»ው እየቀለድኩበት።

አልሳቀም። ሜትሩን ያዘልኝ።

ድሬዳዋ የገባነው ጥላው ሲረዝም ነው። መኪናው ወደ ሆቴል መታጠፉን ትቶ ወደ አሰፋ ሰፈር ሲያመራ፣ ወንድሜን ሰላም ሊያስብለኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቢጫ ሰደርያዬን እንዲያይልኝ ፈልጌ ነበር። አሰፋ በሕይወቱ ሙሉ የሳቀብኝ ሰው ነው።

በሩ ላይ ድንኳን አየሁ። ሠርግ ይሆናል ብዬ፣ የማን ልጅ እንደደረሰ ለማስታወስ ሞከርኩ። ከዚያ የድንኳኑ አፍ ላይ ሰዎች በሰልፍ ቆመው እጃቸውን ሲታጠቡ አየሁ። አንዲት ሴት ውሃ በጆግ ታፈስሳለች፤ ከጀርባዋ ንፍሮ በሰፌድ ቀርቧል። ከቀብር የተመለሰ ሰው ነው እንደዚያ የሚታጠበው። ማንም ምንም ሳይለኝ ነገሩ አልቆ ነበር።

ከፍያለው መሪውን ሳይለቅ «ጋሼ፣ አሰፋ ነው» አለኝ።

«የመጨረሻው ድልድይ አይችልም» አልኩት። «በጎኑ ተሰንጥቋል። እንዳትረሳው።»

ይህንን ያልኩት እኔ ነኝ። 

አውርደው አስገቡኝ። ሴቶቹ ሲያዩኝ ጮኹ። አንድ ሰው የራስ ቁሩን ከጭንቅላቴ አነሳ፣ ሌላው ነጠላ አለበሰኝ፤ ሰደርያዬን ያወለቀልኝ ግን የለም። በነጠላው ስር ቢጫው እየታየ ተቀመጥኩ። የአሰፋ ሚስት አልማዝ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

«ምነው ቆየህ?» አለችኝ። «እንዲጠብቁህ ለምነን ነበር፤ ሙቀቱ አላስቻለም።»

«ድልድይ ስለካ ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከእንባዋ መሀል ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው በነጠላዋ አፈነችው። አሰፋም ቢሆን ይስቅ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ አላለቀስኩምም። ለቅሶ የሚደርሰውን ሰው ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» እያልኩ ሸኘሁ። በማግስቱ መቃብሩን አሳዩኝ። አፈሩ ርጥብ ነበር። ቆሜ አየሁትና ተመለስኩ።

ጅቡቲ ስመለስ የድልድዮቹን ጥናት ለሙሴ ሬሚ ሰጠሁት። እያንዳንዱን ገጽ አነበበው። ከዚያ ቦይለሩ በደወሌ በኩል እንደማይሄድ፣ በሌላው ድንበር፣ በጋላፊ መንገድ እንዲጓዝ ከብዙ ጊዜ በፊት ተወስኖ እንደነበር ነገረኝና ይቅርታ ጠየቀኝ። ምንም አይደለም አልኩት። እውነትም ምንም አልተሰማኝም።

ቦይለሩ በየትኛውም መንገድ አልሄደም። ውሃው አልተገኘም፤ በኋላም የነዳጅ ዋጋ ወረደና ኩባንያው ቢሮውን ዘጋ። አሸዋው ዘይቱን እንደያዘ ቀርቷል፤ ካለው ማለቴ ነው።

ብርቄንና ከፍያለውን ተቆጥቻቸዋለሁ። ወደፊት ሰው ከሞተብኝ በቀጥታ ንገሩኝ፣ እኔም ለእናንተ እንዲሁ አደርጋለሁ ብዬ ማልኩ። ተስማሙ። ከዓመታት በኋላ የከፍያለው እናት አረፈች። በዕድሜ የምበልጠው እኔ ስለሆንኩ አንተ ንገረው ተባልኩ። መኪናውን ወዳቆመበት ሄጄ፣ በቀጥታ ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«እናትህን ትንሽ አሟታል» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። ከሁሉ ሰው በላይ እሱ ያውቃታል ይህችን ቃል። «እሺ ጋሼ» አለና መኪናው ላይ ወጣ። ቀብሩ ላይ ደርሷል።

አሁን ማንንም አልወቅስም። እኔ ብሆንም ያንኑ አደርግ ነበር፤ አድርጌዋለሁም። አሰፋን ሳስበው ግን ሐዘኑ እስከ ዛሬ የሌላ ሰው ይመስለኛል። ድሬዳዋ ሄጄ የሰው ለቅሶ ደርሼ የተመለስኩ እንጂ፣ ወንድም የሞተብኝ አይመስለኝም።